የአክሱም ሳንቲም፦ እውነተኛው በምን ይለያል? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄያችሁን ላኩ። ከሁሉ በፊት ግን አደራ፦ ያገኛችሁትን ሳንቲም በሎሚ፣ በኮምጣጤ፣ በአሸዋ አትጠቡ።

ከዲሲ፦ ጋሼ፣ የአፄ ካሌብ ወርቅ ነው ብለው 5 ግራም የሚመዝን አመጡልኝ። ልግዛው?

አትግዛ። የአክሱም ንጉሥ ኢንዱቢስ በ270 ዓ.ም. ገደማ የወርቅ ሳንቲም ማስመታት ሲጀምር ክብደቱ 2.7 ግራም አካባቢ ነበር፤ የሮምን የወርቅ ሳንቲም ክብደት ግማሽ ተከትሎ። ቆስጠንጢኖስ የሮምን ወርቅ ሲያቀልል አክሱምም ወደ 1.6 ግራም ወረደች። 5 ግራም የሚሞላው የካሌብ ሳንቲም ሦስት አንድ ላይ ሲመዘን ነው። ቀለሙ ስለገረጣ ብቻ ግን ሐሰተኛ አትበለው፤ የኋለኞቹ ነገሥታት ወርቅ ድብልቁ ይበዛል።

ከሮም፦ ሐሰተኛውን በምን ልለየው?

የቱን? ስንት ግራም ነው? ጠርዙስ? ይህን ይዘህ ተመለስ።

ከመቀሌ፦ የነሐስ ሳንቲም አለኝ፣ መስቀሉ ዙሪያ ወርቅ ያብረቀርቃል። ሰው የቀባው ይሆን?

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ነው ስጠብቅ የነበረው! አክሱማውያን በነሐስና በብር ላይ ወርቅ ይለብጡ ነበር፤ በጥንቱ ዓለም ይህን ያደረገ ሌላ መንግሥት አይታወቅም። ማጉያ መነጽር አንሺ። በእውነተኛው ላይ መስቀሉ ዙሪያ ትንሽ የጎደጎደ ክብ አለ፤ ወርቁ እዚያ ውስጥ ተኝቶ ይታያል፣ አረንጓዴው የነሐስ ዝገት ደግሞ ከዳር እየገፋ ይመጣበታል። ወርቁ ረግፎ ጎድጓዳው ባዶውን የቀረበትም ብዙ ነው። በቅጂ ላይ ቀለሙ ከክቡ ያልፋል። በግሪክኛ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ካለበት ደግሞ መልካም ምልክት ነው። አታጥቢው፣ አደራ! ልባጡ ከዝገቱ ጋር ተነቅሎ ይሄዳል።

ከአዲስ አበባ፦ የኢንዱቢስ ሳንቲም፣ መስቀል ያለበት፣ በግዕዝ የተጻፈ አገኘሁ።

ሐሰተኛ ነው። የኢንዱቢስ ምልክት ጨረቃና ክብ ነው፣ ጽሑፉም ግሪክኛ። መስቀል የመጣው በኢዛና ነው።

ከሪያድ፦ ለምን በግሪክኛ? ሮም ገዝታን ነበር ማለት ነው?

ከጎንደር፦ ማንም አልገዛንም! በግዕዝ ያስመታ ንጉሥም አለ።

ከሪያድ፦ ጠየቅኩ እንጂ መቼ ገዝታናለች አልኩ?

ተዉ እንጂ፣ ሁለታችሁም። ወርቁ በአዱሊስ ወደብ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር፤ ግሪክኛ ደግሞ የቀይ ባሕር ነጋዴ መግባቢያ ነው። አገር ውስጥ የሚዘዋወረው ነሐስ ቀስ በቀስ ወደ ግዕዝ ዞረ። መጀመሪያ በግዕዝ ያስመታው ንጉሥ ወዜባ ነው። ወደ ሳንቲሞቻችን እንመለስ።

ከሮም፦ ጠርዙን አየሁት። ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር አለው፣ ፊቱም ትንንሽ ቀዳዳ አለው።

አሁን ጠየቅህ። መስመሩ ሁለት ቅርጽ የተጋጠመበት ነው፣ ቀዳዳው የአየር አረፋ ነው፤ ቀልጦ የፈሰሰ ቅጂ ነው። የአክሱም ሳንቲም በመዶሻ የተመታ ነው።

ከቴል አቪቭ፦ የሮም ዴናሪየስስ?

የኔ ሙያ አይደለም፤ የሮምን የሚያውቅ ጠይቅ።

ከሽሬ፦ አጎቴ ከዝናብ በኋላ ማሳው ላይ ሁለት አገኘ። በሎሚ አጥበን ብንሸጠውስ?

ሎሚ ሎሚ! ስንት ጊዜ ልጻፍ? አትጠቡ፣ አትሽጡም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያገኘ ሰው ለመንግሥት ማሳወቅ አለበት። ዛሬውኑ የማሳውን ቦታና አብሮ የወጣውን ሸክላ በወረቀት ጻፉ፣ ሳንቲሞቹን ለየብቻ በወረቀት ጠቅልሉና ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ውሰዷቸው።