የአልዩ አምባው ሰው ደላላ ነው ወይስ ወኪል?

ጥያቄ፦ «በሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከአንኮበር ሥር ባለችው የገበያ ከተማ በአልዩ አምባ ስለሚኖር ሰው አጭር ድራማ እየጻፍኩ ነው። ሐረር የተቀመጠ የአንድ ትልቅ ነጋዴ ዕቃ ይቀበላል፣ ይሸጥለታል። እኔ ‹ደላላ› አልኩት። ባልደረባዬ ደግሞ ‹ቃሉ ዐረብኛ ነው፣ እንደራሴ በለው› አለኝ። የቱ ይሻላል?» (መምህር፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ሁለቱም አልተመቹኝም። ሰውዬው ወኪል ነው።

ደላላ በሻጭና በገዢ መካከል ይገባል። ዋጋ ያስማማል፣ ድርሻውን ይቀበላል፣ በቃ። የእርስዎ ሰው ግን የሰው አደራ አለበት። ግመል የአንኮበርን ዳገት ስለማይደፍር ጭነቱ ቆላው ላይ ይራገፋል። እሱ ያስቆጥራል፣ ወደ አህያና በቅሎ ያዛውራል፣ ቀረጡን ይጨርሳል፣ ዐርብ ገበያ ይወጣል። በገንዘብ ፋንታ አሞሌ ጨው ሲሰጡት ጠርዙ እንዳልተሸረፈ ያገላብጣል። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ብር፣ ማርትሬዛ ሲሆንማ የንግሥቲቱ ዘውድና የትከሻዋ ጌጥ ነጥቦች ጥርት ብለው ካልታዩት አይቀበልም። 1780 የሚለው ዓመት አያሳምነውም፤ ንግሥቲቱ ሞታም እንኳ ብሩ የሚመታው ያው ዓመት እየተጻፈበት ነበርና። ቢሳሳት ሐረር ላለው ጌታው የሚመልሰው እሱ ነው።

«ዐረብኛ ነው» የሚለው ክስ ደግሞ ሁሌም ያበሽቀኛል። አዎ፣ ደላላም ወኪልም ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። የአንዱ ሥር ማመልከት፣ መንገድ ማሳየት ነው፤ የሌላው አደራ መስጠት። ደላላን «ደለለ» ከሚለው፣ ከማባበልና ከማታለል ሊያወጡት የሚታገሉ አሉ። ደላላ ያስከፋው ሰው የፈጠረው ሥርወ ቃል ይመስለኛል! ቃላቱ ከእነማን እንደመጡስ ምን ያስደንቃል? የአልዩ አምባን ንግድ የያዙት አርጎቦችና ሐረሮች፣ ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። አማርኛም ወኪልን ተቀብሎ ዝም አላለም፤ ወከለ፣ ተወከለ፣ ውክልና እያለ አረባው። ከጥያቄው ትንሽ ልውጣና፣ «ነጋዴ» ራሱ በግእዝ መንገደኛም ነው፤ «እንግዳ» የሚለው ቃል ዘመዱ ነው። ንጹሕ አማርኛ ፈላጊዎች ይህን ቢያዩ ደስ ይላቸዋል።

ስሙ ቀልድ አይደለም፤ ተጠያቂነትን ይወስናል። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ኤደን ካለ የንግድ ቤት ተቀጥሮ ሐረር ሲላክ ወኪል ነበር። በ1887 ጠመንጃ አስጭኖ አንኮበር ሲደርስ ግን በራሱ ስም የሚነግድ ሰው ነበር። እዚያ የጠበቁት የሞተው ሽርካው የላባቱ አበዳሪዎች ናቸው።

እንደራሴን በተመለከተ፣ እውነቱን ልናገር፣ ጆሮዬ አይቀበለውም። እንደራሴ ሲባል ካባ የደረበ ሹም ነው የሚታየኝ፤ ጨው የሚቆጥር ሰው አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን «እንደራሴ» ብሎታል፤ ውክልና ላይ ሲደርስም «ወካይ» እና «ተወካይ» ነው የሚለው። ጋዜጣውም ባንኩም «ተወካይ» ብሎ ጨርሷል። «ወኪል» አጭር ሆኖ ሳለ «ተ» ምን ሊጨምርለት እንደገባ አይገባኝም። እሺ፣ ሕዝቡ ተቀብሎታል፤ ስህተት ልለው አልችልም።

እርስዎ ግን የሚጽፉት ለአልዩ አምባ ገበያ ነው፤ ስለዚህ ወኪል ይበሉት። ደላላውንም አይጣሉት። ሌላ ሰው አድርገው ያስገቡትና ዐርብ ዕለት በድለላው ክፍያ ከወኪሉ ጋር ይጨቃጨቅ።