ኳስ አደላዳይ ለሆናችሁ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

ከሃያ ዓመት በላይ በአሜሪካ ኮሌጆች የተማሪ ስፖርተኞች የትምህርት አማካሪ ሆኜ ስሠራ፣ በቅርጫት ኳስ በፖይንት ጋርድነት (ጨዋታውን በሚመራ ኳስ አደላዳይነት) ከሚጫወቱ ልጆች፣ በተለይም ከዋሽንግተንና ከአካባቢዋ ከሚመጡት የሐበሻ ልጆች፣ ከሁሉ አብልጦ የቀረበልኝ ጥያቄ «ኤንቢኤ (የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ባለሙያዎች ሊግ) የምደርስ ይመስልዎታል?» የሚል ነው። ጥያቄው አያስከፋኝም፤ እኔም በዕድሜያችሁ ሳለሁ ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም። ይሁን እንጂ በኮሌጆች አንደኛው ዲቪዚዮን ብቻ ከ350 በላይ ቡድኖች ባሉበት አገር፣ በየዓመቱ በድራፍት (የኤንቢኤ ክለቦች አዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ሥርዓት) የሚጠሩት ተጫዋቾች 60 ገደማ ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል በቀጥታ ከውጭ አገር ክለቦች የሚመጡ አሉ። ስለዚህ ለአብዛኞቻችሁ ሥራው ራሱ ይኸው የኮሌጁ አራት ዓመት ነውና እንደ መሸጋገሪያ እንዳታዩት ብዬ ነው የምጽፍላችሁ።

ሁልጊዜ የማነሳው ሰው ቦቢ ሀርሊ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ83 ገደማ የሆነው ይህ የጀርሲ ሲቲ ልጅ፣ አባቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሠልጥኖት እ.ኤ.አ. በ1989 ዱክ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በመጀመሪያው ዓመት ቡድኑ ለኮሌጆች አገር አቀፍ ውድድር ፍጻሜ ደርሶ በዩኤንኤልቪ (በላስ ቬጋሱ የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ) 103 ለ 73 ተረታ፤ በዚያ ምሽት ሀርሊ ሆዱን ታሞ ስለ ነበር ያስቆጠረው 2 ነጥብ ብቻ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አሠልጣኙ ማይክ ሺሸፍስኪ ልጁ በጨዋታ መካከል ሲያኮርፍ፣ ሲነጫነጭና ፊቱ ሲጠቁር የሚያሳዩ ምስሎችን በአንድ ቪዲዮ አሰባስቦ አሳየው። ስለ ቅብብሉም ሆነ ስለ ሩጫው አልነበረም፤ አራቱ ጓደኞቹ በየደቂቃው የሚያነቡትን የገዛ ፊቱን ነው ያሳየው።

በሚቀጥለው ዓመት በኢንዲያናፖሊስ፣ በግማሽ ፍጻሜው፣ 45 ጨዋታ በተከታታይ ካሸነፈው ከዚያው ዩኤንኤልቪ ጋር እንደገና ተገናኙ። ሁለት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ሲቀር ዱክ 76 ለ 71 እየተመራ ሳለ፣ ሀርሊ ሳያመነታ ከሩቅ ወርውሮ ሦስት ነጥብ አስቆጠረ፤ ጨዋታውም በ79 ለ 77 በዱክ አሸናፊነት ተጠናቀቀ። በ1991 እና በ1992 ዋንጫውን አነሡ። ሀርሊ በ1993 ሲመረቅ በ140 ጨዋታ 1,076 አሲስት (ጓደኛን ነጥብ ያስቆጠረ ቅብብል) ነበረው፤ ይህም ክብረ ወሰን ከ30 ዓመት በላይ ሳይደፈር ቆየ።

በዚያው ዓመት የኤንቢኤው ክለብ ሳክራሜንቶ በድራፍቱ በሰባተኛነት መረጠው። በታኅሣሥ ወር አንድ ምሽት ከጨዋታ ወደ ቤቱ ሲመለስ መኪናው ተጋጨ፤ ቀበቶ አላሰረም ነበርና ከመኪናው ተወርውሮ ወጣ። (ቀበቶ እሰሩ፤ ይህን እንኳ እንደ አባት ልናገር።) ከሞት ተርፎ በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ቢመለስም፣ በኤንቢኤ የቆየው በድምሩ አምስት የውድድር ዘመን ነው። ኋላ አሠልጣኝ ሆኖ በ2015 የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲን ቡድን ተረከበ። ስሙ የሚነሣበትን ሥራ የሠራው 22 ዓመት ሳይሞላው፣ ገና ተማሪ ሳለ ነው።

የእኔ ታሪክ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። በአንድ ትንሽ ኮሌጅ፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ ከትልልቅ ቡድኖች የመጡ መልማዮች ተመልካች መካከል ተቀምጠዋል ተብሎ ተወርቶ ነበር። በቀኝ ማዕዘን የቆመው ጓደኛዬ ተከላካይ ሳይኖርበት ቆይቶ ሳለ ኳሷን ያቀበልኩት ተከላካዩ ከደረሰበት በኋላ ነው። ሲስት ሁለት እጄን ዘርግቼ ወደ ጣሪያው ቀና አልኩ፤ ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነ ለመልማዮቹ ማስረዳቴ ነበር። ጓደኛዬ ከዚያ በኋላ ጨዋታው እስኪያልቅ ወደዚያ ማዕዘን አልሮጠም። መልማዮቹም አልመጡም ነበር፤ ወሬ ነው።

ዛሬ ነገሩ ከእኛ ጊዜ የበለጠ ተወሳስቧል። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች ከስማቸውና ከምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል፤ ትምህርት ቤት መቀየርም ቀሏል። ገንዘቡን አልነቅፍም፤ ነገር ግን በየዓመቱ ቡድን የሚቀያይር ፖይንት ጋርድ የአራት ሰው ጠባይ አጥንቶ ሳይጨርስ ወደ ሌላ አራት ሰው ይሄዳል፤ የተማራቸው ኮርሶች ክሬዲትም ሁሉ አብሮት ላይሻገር ይችላል። ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ የመጣችሁ ደግሞ፣ የኤፍ ዋን ቪዛ ከግቢ ውጭ ሥራን ስለሚገድብ፣ የቡድን ጓደኛችሁ የፈረመውን ዓይነት የማስታወቂያ ውል እናንተ ብትፈርሙ ቪዛችሁ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከመፈረማችሁ በፊት ወደ ዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ሂዱ። ወኪል ነኝ የሚል ሰው «ችግር የለውም» ቢላችሁም ሂዱ።

ቢሮዬ ለሚመጡት የምሰጠው አንድ የቤት ሥራ አለ። የመጨረሻውን ጨዋታ ቪዲዮ አውጡና ድምፁን አጥፍታችሁ፣ ኳስ ካስነጠቃችሁ በኋላ ያሉትን አምስት አምስት ሰከንዶች ብቻ ተመልከቱ። መጀመሪያ ፊታችሁን፣ ቀጥሎ የአራቱን እግር እዩ፤ ማን ወደ ኋላ ሮጦ እንደ ተከላከለ፣ ማን ቆሞ እንደ ቀረ ጻፉ። ባለፈው ወር አንዱ ልጅ ጽፎ ያመጣልኝ ወረቀት ላይ የአንድ ጓደኛው ስም ስድስት ጊዜ ነበር፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና እርሱን ፍለጋ ወጣ።