ትርፉ በአንድ ዓመት እጥፍ የሆነው እንዴት ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የአሜሪካው ኖርዝሮፕ ግሩማን የጦር መሣሪያም ሳተላይትም ይሠራል። ባለፈው ሳምንት ስለ 2024 ዓመታዊ ሒሳቡ ጥቂት መስመር ጽፌ ነበር። ሽያጭ 41 ቢሊዮን ዶላር፣ የተጣራ ትርፍ 4.2 ቢሊዮን፣ በእጅ ያለ ትዕዛዝ 91.5 ቢሊዮን። ወሎ ውስጥ ይህን ማን ያነበዋል ብዬ ነበር። ከደሴ እስከ ላሊበላ ጥያቄ ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አጣምሬ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ አቅርቤያለሁ። ዓመተ ምሕረቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ፣ ደሴ። በ2023 ትርፉ 2.1 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2024 እጥፍ ሆነ። ሽያጩ ግን ያደገው 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቁጥሩ ተነካክቷል እንዴ?

አልተነካካም። እንቆቅልሹ ያለው 2023 ላይ ነው። ኩባንያው በዚያ ዓመት መጨረሻ ቢ-21 በሚባለው አዲስ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ምክንያት 1.56 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ መዘገበ፤ ከታክስ በፊት ማለት ነው። 2024 ላይ ያ ኪሳራ አልተደገመም። ስለዚህ ትርፉ ዘለለ የተባለው በአብዛኛው ከወደቀበት ስለተነሳ ነው። ከፊሉ ደግሞ የሠራተኞች ጡረታ ፈንድ በዓመቱ መጨረሻ ሲገመት የመጣ ልዩነት ነው።

አውሮፕላኖቹ ገና ተሠርተው ሳያልቁ ኪሳራው ለምን ተመዘገበ ትለኝ ይሆናል። ደንቡ እንዲህ ነው፦ አንድ ውል እንደሚያከስር ከታወቀ፣ የወደፊቱ ኪሳራ ጭምር ዛሬውኑ በአንድ ጊዜ ይመዘገባል። ኩባንያው ጨረታውን ያሸነፈው በ2015 ነው። የመጀመሪያዎቹን የምርት ዙሮች በቁርጥ ዋጋ ተስማማ። ከዚያ ኮቪድ መጣ፤ የዕቃውም የሠራተኛውም ዋጋ ናረ። ዋጋው ቁርጥ ነውና ልዩነቱን ከኪሱ ቻለው።

አሁን ሌላውን ትልቅ ሥራውን እይ። ሴንቲኔል የሚባል አህጉር አቋራጭ ኒውክሌር ተሸካሚ ሚሳኤል እየሠራ ነው። የዚህ ፕሮግራም ግምት በ2024 ወደ 141 ቢሊዮን ዶላር አሻቀበ። ከቀድሞው ግምት 81 በመቶ ይበልጣል። ኩባንያው ግን በዚህ ፕሮግራም፣ ቢ-21 ላይ እንደደረሰበት ዓይነት ኪሳራ አልደረሰበትም። ለምን? የሚሳኤሉ የልማት ውል ወጪው ተሸፍኖ ትርፍ የሚጨመርበት ነው። የናረውን የሚከፍለው የአሜሪካ ግብር ከፋይ ነው።

እና አንተ የመከላከያ ኩባንያ ሒሳብ ስትከፍት በመጀመሪያ አንድ ነገር ፈልግ፦ ሥራው ሲበላሽ ከፋዩ ማን ነው? ለመምህርህም ይህንኑ ጻፍለት፤ ማርክ ባይጨምርልህ እኔን ውቀሰኝ።

ኮምቦልቻ ኮንትራክተር ነኝ። ያ 91.5 ቢሊዮን ዶላር ባንክ ያለ ገንዘብ ነው ወይስ ወረቀት?

ወረቀት ነው፤ ግን ጥሩ ወረቀት። እርስዎ ሦስት ሕንፃ ተፈራርመው የአንዱን መሠረት ብቻ ቢያወጡ፣ ያልሠሩት ቀሪ ውል ማለት ነው። በዓመት 41 ቢሊዮን እየሸጠ ከሄደ ከሁለት ዓመት በላይ ሥራ በእጁ አለ። ከዚያ ውስጥ በጀቱ የጸደቀለት አለ፤ ገና ኮንግረሱን የሚጠብቅም አለ። ደግሞም የሚያከስረው ውል እዚያው ድምር ውስጥ ነው። ትዕዛዝ መብዛቱ ብቻውን ትርፍ አያመጣም። ይህን ለኮንትራክተር መንገር ግን ለቀባሪው ማርዳት ነው የሚሆንብኝ።

የዚህን ኩባንያ አክሲዮን በቴሌግራም እንሸጣለን፣ ትርፉ በየቀኑ ይከፈላል የሚሉ ልጆች አሉ። ልግባ ወይ?

እንዳትገባ! አክሲዮኑ የሚሸጠው ኒው ዮርክ ገበያ ላይ፣ ፈቃድ ባላቸው ደላሎች በኩል ነው። ኩባንያው የትርፍ ድርሻ የሚከፍለው በየሦስት ወሩ ነው። በየቀኑ የሚከፍልህ ሰው የሚሰጥህ ከአንተ በኋላ የገባውን ሰው ብር ነው። አንድ ቀን የሚገባ ሰው ይጠፋል፤ ቡድኑም አብሮ ይጠፋል። አገር ውስጥ አክሲዮን ከፈለግክ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2025 ተከፍቷል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው፤ ሻጩ ፈቃድ እንዳለው እዚያ ጠይቅ።

ወልድያ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ የወደፊቱ ገንዘብ ሕዋ ላይ ነው እላቸዋለሁ። ተሳስቻለሁ?

መምህር፣ ግማሽ ያህሉ ልክ ነው። የዚሁ ኩባንያ ሒሳብ ራሱ ያከራክርዎታል። በ2024 ጠቅላላ ሽያጩ ሲያድግ የሕዋ ክፍሉ ሽያጭ ቀንሷል። አንድ ሚስጥራዊ ፕሮግራም ታጠፈበት። ሚሳኤል አየር ላይ የሚያከሽፍ አዲስ መሣሪያ የመሥራት ውድድርንም ተፎካካሪው ሎክሂድ ማርቲን ወሰደበት። መንግሥት ዋናው ገዢ ሲሆን አንድ ፊርማ ብዙ ያናጋል።

አውሮፓ ደግሞ ይብሳል። ኤርባስ በ2024 ከሕዋ ሥራዎቹ ብቻ 1.3 ቢሊዮን ዩሮ ኪሳራ መዘገበ። በመከላከያና ሕዋ ክፍሉም 2,043 የሥራ መደቦችን እንደሚቀንስ አስታወቀ። ስታርሊንክ የሚባሉት የስፔስኤክስ ኩባንያ የኢንተርኔት ሳተላይቶች ፉክክር ለባህላዊ ትልልቅ የመገናኛ ሳተላይቶች ገበያውን አጥብቦታል። በጥቅምት 2025 ኤርባስ፣ ታሌስና ሊዮናርዶ የሕዋ ሥራቸውን ለማዋሐድ ተፈራረሙ። ሦስት ተፎካካሪ አንድ ላይ የሚገባው ሲመቸው አይመስለኝም።

ግን ለተማሪዎችዎ ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕን ያሳዩልኝ። በታኅሣሥ 2021 የመጠቀው ይህ ቴሌስኮፕ ዋና ሠሪው ይኸው ኖርዝሮፕ ግሩማን ነው። ትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ዓምድ የለውም።

ሐይቅ ነው የምኖረው። ማታ ተሰልፈው የሚሄዱት ከዋክብት የዚህ ኩባንያ ናቸው?

አይደሉም ጋሼ። የስፔስኤክስ ስታርሊንክ ሳተላይቶች ናቸው፤ ገና እንደመጠቁ ሰሞን በሰልፍ ይታያሉ። ከቀናት በኋላ ይበታተናሉ።

መርሳ፣ ነጋዴ ነኝ። ወደፊትስ ያድጋል ወይ?

ሽያጩ ያድጋል ባይ ነኝ። ኩባንያው ራሱ ለ2025 ከ42 እስከ 42.5 ቢሊዮን ዶላር ሽያጭ ተንብዮ ነበር የጀመረው። በሰኔ 2025 የኔቶ አገሮች የመከላከያና የጸጥታ ወጪያቸውን በ2035 ወደ ጠቅላላ አገራዊ ምርታቸው 5 በመቶ ለማድረስ ተስማምተዋል። ገዢ አይጠፋም ማለት ነው።

ትርፉ ላይ ግን እጄን አላስይዝም። በሚያዝያ 2025 ያው ቢ-21 እንደገና 477 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ አመጣ። የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን ከ10 በመቶ በላይ ወረደ። አንዴ የተመዘገበ ኪሳራ አበቃለት ብሎ የተማመነ ሰው ያን ቀን ደንግጧል።

እውነቱን ለመናገር፣ ከደሴ ሆኖ የመሣሪያ ሽያጭን «ዕድገት» ብሎ መጻፍ ይጎረብጣል። ወሎ ጦርነትን በወሬ አይደለም የሚያውቀው። የጠየቁኝ ስለ ሒሳቡ ስለሆነ የመለስኩት ስለ ሒሳቡ ነው።

ቆቦ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነኝ። እኛን የሚመለከት ነገር አለው?

አለው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይኸ ነው። በመስከረም 2021 የመጠቀችውን ላንድሳት 9 የተባለች ሳተላይት የገጣጠመው ኖርዝሮፕ ግሩማን ነው። ሴንቲኔል 2 የሚባሉትን የአውሮፓ ሳተላይቶች ደግሞ ያ ሕዋ ያከሰረው ኤርባስ ነው የሠራቸው። ከሚሳኤሉ ጋር የስም እንጂ ሌላ ዝምድና የላቸውም። የሁለቱም ምስል ለማንም ሰው ነፃ ነው።

ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይመጥጣል፤ ዓይናችን የማያየውን ቅርብ ታሕተ ቀይ የሚባለውን ጨረር ደግሞ በብዛት ይመልሳል። ሳተላይቷ ሁለቱን ታነጻጽራለች። ማሳው ውሃ ሲጠማው ልዩነቱ ይጠባል። ከአምናው ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ስታስተያየው በልጉ መክሸፉን አዝመራው ሳይደርስ ታውቃለህ።

በላንድሳት ምስል ላይ እያንዳንዱ ነጥብ የሚሸፍነው መሬት 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው። ጥማድ መሬት ሩብ ሄክታር ነው ብንል ሦስት ነጥብ እንኳ አይሞላም። ለእኛ ገበሬ ሴንቲኔል 2 ይሻላል፤ ነጥቡ 10 ሜትር ስለሆነ እዚያው ጥማድ ላይ 25 ነጥብ ይሰጥሃል፣ በየአምስት ቀኑም ይመለሳል። ችግሩ የክረምት ደመና ነው። ያኔ ደመና የማያግደውን የሴንቲኔል 1 ራዳር ተጠቀም።

ይህ ነገር ከወሎ ጋር የቆየ ታሪክ አለው። ፊውስኔት የሚባለውን የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ አሜሪካ ያቋቋመችው በ1985 ነው፤ ምክንያቱም በእኛ አቆጣጠር የ77ቱ ረሃብ ነበር። በ2025 መጀመሪያ የዕርዳታ በጀት ሲቆረጥ አገልግሎቱ ቆመ፤ ከወራት በኋላ ተመለሰ። ሳተላይቶቹ ያን ጊዜም ፎቶ ማንሳታቸውን አላቋረጡም። የተቋረጠው የሚያነበው ሰው ደመወዝ ነው። ስለዚህ ወረዳችሁ ውስጥ ምስሉን የሚያነብ አንድ ልጅ ቢሠለጥን አይከፋም። አብሽር፣ በርታ።

ላሊበላ 12ኛ ክፍል ነኝ። እንዲህ ያለ ኩባንያ ውስጥ መቀጠር እችላለሁ?

እዚያው ኩባንያ ከባድ ነው። ሚስጥራዊ ሥራው የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃል። ሕዋ ግን አንድ በር ብቻ የለውም። ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ኢቲአርኤስኤስ 1ን በታኅሣሥ 2019 ከቻይና አምጥቃለች፤ 72 ኪሎ ግራም የምትመዝን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ናት። አዲስ አበባ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት አለ። የእናንተው የላሊበላ ዙሪያ ተራሮችም ለቴሌስኮፕ ቦታነት ተጠንተዋል። ሒሳብና ፊዚክሱን አጥብቂ። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ከዛሬ ጀምሪ፤ በነፃ ይወርዳል። መለማመጃ ካስፈለገሽ የቆቦውን ሰውዬ ማሳ ከሴንቲኔል 2 አውርደሽ በልጉን ከአምናው ጋር አስተያዪ።