ከፋብሪካው ምን እንጠይቅ?

ውድ ወጣቶች፣

በደሴና በኮምቦልቻ በአዋላጅ ነርስነት፣ ኋላም በእናቶችና ሕፃናት ጤና አስተባባሪነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በበጎ አድራጎት ድርጅቶች የተቀጠራችሁ ልጆች እየመጣችሁ «ለአንድ ኩባንያ የአጋርነት ሐሳብ ልናቀርብ ነው፤ ምን እንጠይቀው?» ስትሉኝ የምሰጣችሁን መልስ በጽሑፍ ላስፍረው። ኩባንያው በየቀኑ የሚሠራውን፣ ከእሱ በቀር ሌላው በቀላሉ የማይችለውን ሥራ ጠይቁት። ገንዘብ ከሌላም በር ሊገኝ ይችላል።

ግላክሶስሚዝክላይን የተባለው የመድኃኒት ኩባንያና ሴቭ ዘ ችልድረን እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመሩትን አጋርነት ተመልከቱ። ኩባንያው በአፍ መጉመጥመጫ ውስጥ ሲጠቀምበት የኖረውን ክሎርሄክሲዲን የተባለ ጀርም ገዳይ ለጨቅላ ሕፃናት እትብት የሚቀባ ጄል አድርጎ ሠራው፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲም በ2016 መርምሮ አዎንታዊ አስተያየት ሰጠበት። እትብት ላይ ቅቤ የሚቀባባቸውን ቤቶች ዞሮ ያየ የወሎ ጤና ባለሙያ ይህ ጄል ለምን እንዳስፈለገ አይጠፋውም። ኩባንያው ቼክ ጽፎ ቢሰናበት ኖሮ፣ በጎ አድራጎት ድርጅቱ በዚያ ገንዘብ መድኃኒት ቀማሚ ሊሆን አይችልም ነበር።

ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደምን ለመከላከል የምንሰጠው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። መብራት በጠፋ ሌሊት አዋላጇ በአንድ እጇ ምጥ የያዛትን እናት እየደገፈች፣ ብልቃጦቹን ከፍሪጅ አውጥታ በክትባት መያዣ ሣጥን ውስጥ በበረዶ መሐል ስትደረድር ያያችሁ እንደሆነ፣ ፌሪንግ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ፣ ኤም ኤስ ዲ የተባለው ሌላ መድኃኒት አምራች ለእናቶች ጤና ያቋቋመው ኤም ኤስ ዲ ፎር ማዘርስና የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ ደም መፍሰስ የሚከላከልና ሙቀት የሚቋቋም ካርቤቶሲን የተባለ መድኃኒት ለማውጣት ለምን እንደተባበሩ ይገባችኋል። በ10 አገሮች፣ ወደ 30,000 በሚጠጉ እናቶች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት፣ መድኃኒቱ 500 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ የሆነ ደም መፍሰስን በመከላከል ረገድ ከኦክሲቶሲን እንደማያንስ አሳይቷል። ፌሪንግ ድሃ ለሆኑ አገሮች በተመጣጣኝ ዋጋ ለማቅረብ የገባው ቃል ባይኖር ግን ግኝቱ ለእኛ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ስለዚህ ዋጋ ከመጀመሪያው ውል ውስጥ ይግባ።

ከ2014 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ የተዘረፉት የጤና ተቋሞቻችን እንደገና ሲደራጁ ብዙ ዕቃ በእርዳታ መጣ፤ አብዛኛውም በደኅና አገልግሏል። አንድ የሕፃናት ማሞቂያ ግን ርክክቡ በጭብጨባና በፎቶግራፍ ከተደረገለት በኋላ፣ የሕፃኑን ሙቀት የሚለካው ትንሽ ሽቦ ተበጥሶ፣ መለዋወጫው አገር ውስጥ ባለመገኘቱ በአንሶላ ተሸፍኖ የካርቶን ማስቀመጫ ሆነ። ለጋሹ ድርጅት በደብዳቤ ሲጠየቅ የፕሮጀክቱ ዘመን ማለቁን ነገረን። ከመፈራረማችሁ በፊት የሆስፒታሉን የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያ አማክሩ፤ ስብሰባው ላይ የማይጠራው እሱ ነውና።

ወደ ኮምቦልቻ ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና ነባሮቹ ፋብሪካዎች በርካታ ወጣት ሴቶችን ቀጥረዋል። እዚህ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ሕጉ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ለእርግዝና ምርመራም በደመወዝ ፈቃድ ይፈቅዳል። ሱፐርቫይዘሩ ለምርመራ የቀረችበትን ቀን ከደመወዟ እየቆረጠ፣ በእናቶች ቀን ባነር አሠርቶ የሚሰለፍ ድርጅት አጋር ሊባል አይገባውም። ሕጉን ከሚያከብረው ጋር ግን ብዙ ይሠራል፦ የጤና ጣቢያው አዋላጅ በፈረቃ መለዋወጫ ሰዓት ፋብሪካው ድረስ እንድትመጣ፣ ጡት የምታጠባዋ ሠራተኛም ወተቷን የምታልብበት ንጹሕ ክፍልና ፍሪጅ እንድታገኝ ማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ለልጃገረዶች ደግሞ የመቀሌው ማርያም ሰባ ፋብሪካ ጥሩ ትምህርት ነው። የፋብሪካው መሥራች ፍሬወይኒ መብራህቱ ታጥቦ ተመልሶ የሚያገለግል የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ ታመርታለች፤ ዲግኒቲ ፔሪየድ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ምርቱን ገዝቶ ከትምህርት ጋር ለተማሪዎች ያድላል። በጎ አድራጎቱ ደንበኛ ስለሆነ ፋብሪካው ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ምርቱም ይቀጥላል። በኮምቦልቻ መርፌና ክር፣ መቁረጫና የሠለጠነ እጅ ሞልቷል፤ ነገር ግን ከስፌት የተረፈ ቁርጥራጭ ሁሉ ለዚህ እንደማይሆን እወቁ፤ ውኃ የሚመጥ ጥጥ ያስፈልጋል።

የኩባንያዎችን ድርሻ እንዳላጋንን፣ በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቻችን እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 ሕያው ልደቶች 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2016 ወደ 412 የወረደው፣ በዋናነት በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ድካም ነው። የምታመጡት አጋር ከእነሱ ሥር ይግባ እንጂ በጎናቸው ሌላ ቢሮ አይክፈት።

አንድ ዓይነት ስጦታ ግን የቱንም ያህል ቢያምር አትቀበሉ፤ እሱም የዱቄት ወተት አምራቾች ለወላድ ክፍሎች የሚሰጡት ነጻ ጣሳ ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1981 ያጸደቀው ደንብ ለእናቶች ነጻ ናሙና መስጠትን ይከለክላል፤ ጣሳው ሲያልቅ የእናትየዋ ጡት ደርቆ ይጠብቃታልና፣ ሁለተኛውን ጣሳ የምትገዛው በራሷ ገንዘብ ነው።