መልስ፦ ልዕልት ዩሪኮ እንዴት ልዕልት ተባሉ?

«የጃፓኗ ልዕልት ዩሪኮ ከንጉሥ ዘር ካልተወለዱ እንዴት ልዕልት ተባሉ?» ላልሽው፣ በጋብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ከመኳንንት ቤት ተወለዱ። በ1941፣ ገና በ18 ዓመታቸው፣ የንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶን የመጨረሻ ታናሽ ወንድም ልዑል ሚካሳን አገቡ። የሚገርመው፣ ከንጉሣዊ ቤተሰብ ውጪ የምታገባ ልዕልት ደግሞ ማዕረጓን ታጣለች። የእሳቸውም ሁለት ሴቶች ልጆች ሲያገቡ እንደዚሁ ከቤተሰቡ ወጥተዋል።

እኔን በጣም የሚነካኝ ግን የጦርነቱ ጊዜ ነው። በ1945 ቶኪዮ በቦምብ ስትደበደብ ቤታቸው ተቃጠለ። ትንሽ ልጅ ይዘው መጠለያ ጉድጓድ ውስጥ ኖሩ። ጃፓን እጅ ልትሰጥ ስትል፣ ጦርነቱ ይቀጥል የሚሉ መኮንኖች እዚያው ድረስ መጥተው ከባለቤታቸው ጋር አምርረው ተከራከሩ። እሳቸውም እዚያው ነበሩ።

ከጦርነቱ በኋላ ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና የሚሠራ ድርጅትን ለብዙ አሥርት ዓመታት መርተዋል። ልጆቼ ይቅበሩኝ ማለት የወላጅ ሁሉ ምኞት ነው። እሳቸው ግን በ2002፣ በ2012 እና በ2014 ሦስቱንም ወንዶች ልጆቻቸውን ቀበሩ። ባለቤታቸው በ2016 በ100 ዓመታቸው ሞቱ። ልዕልቷ ያረፉት በኖቬምበር 2024፣ በ101 ዓመታቸው ነው።