ቲም ስለመምራት የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ (ጥያቄና መልስ)

ሰላም ለሁላችሁም። ሰው ስለማስተዳደር የከበዳችሁን ጠይቁኝ ስላልኩ የደረሱኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። እኔ ቲም ስመራና አዳዲስ ቲም ሊደሮችን ሳሰለጥን ስለቆየሁ የምመልሰው ከዛው ከስራው ተነስቼ ነው። የማይመለከታችሁን እየዘለላችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ አብረውኝ ይሰሩ በነበሩ ልጆች ላይ ቲም ሊደር ሆኜ ተመደብኩ። ጓደኞቼ ነበሩ፣ አሁን ስገባ ወሬያቸውን ያቆማሉ። አንዷ ደሞ ቦታውን እሷ ትፈልገው ነበር። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። ከልጅቷ ጀምር፣ ለብቻዋ፣ በዚሁ ሳምንት። "ቦታውን እንደምትፈልጊው አውቃለሁ፣ ቅር ቢልሽም አልፈርድብሽም፣ ከዚህ ስራ ውስጥ አንቺ ብትይዢው ደስ የሚልሽ የቱ ነው?" በላት፣ ከዛ መልሷን ዝም ብለህ ስማ፣ ለማሳመን አትሞክር። ይሄን ካላደረግክ ሁለታችሁም የምታውቁትን ነገር እንዳላወቀ ሰው ሆናችሁ እየተላለፋችሁ ወራት ይሄዳል። ከሌሎቹ ጋር ጓደኝነቱን ማፍረስ አያስፈልግህም፣ ግን ከአሁን በኋላ ስለ አንዱ ሰራተኛ ከሌላው ጋር ማውራት የለም፣ ስለ አለቆችም ማማት የለም። ወሬ ማቆማቸው አያስጨንቅህ፣ ሰው አለቃው ሲገባ ወሬ ይቀይራል። እነሱ የሚከታተሉት ከማን ጋር እንደምትስቅ ሳይሆን ማንም የማይፈልገው ፈረቃ ለማን እንደሚደርስና ፈቃድ ለማን ቶሎ እንደሚፈረም ነው፣ እዛ ላይ ለሁሉም እኩል ከሆንክ በጊዜ ይለምዱሃል።

ጥያቄ፦ ስብሰባ ላይ "ሀሳብ ያለው?" ስል ዝም። ስንወጣ ግን ኮሪደር ላይ ሁሉም ያወራል፣ ችግሩን ያውቁታል ማለት ነው። ለምን ለኔ አይነግሩኝም?

መልስ፦ ከጠየቃችሁኝ ሁሉ ትልቁ ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልርዘም። እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም መጨረሻ አሜሪካ ፖርትላንድ ላይ ሊያርፍ የነበረ የዩናይትድ ኤርላይንስ በረራ 173 የሚባል አውሮፕላን ነበር። የማረፊያ ጎማው ችግር ያለበት ስለመሰለ ካፒቴኑ ያንን ለማጣራት ሰማይ ላይ ለአንድ ሰአት ያህል ሲዞር ነዳጁ አለቀና ወደቀ፣ 10 ሰው ሞተ። የሚያሳዝነው ነዳጁ እየቀነሰ እንደሆነ አጠገቡ የተቀመጡት ሁለቱ የበረራ ሰዎች ማወቃቸው ነው፣ ነዳጁ ስንት እንደቀረ ተነጋግረዋል ግን አንዳቸውም "አሁኑኑ ካላረፍን እንወድቃለን" ብለው አልተጫኑትም። ከዚህና ከመሰሎቹ አደጋዎች በኋላ ነው አየር መንገዶች የበታቹ እንዴት ደፍሮ እንደሚናገር፣ ካፒቴኑ ደሞ እንዴት እንደሚሰማ በስልጠና ማስተማር የጀመሩት። ህይወታቸው አብሮ ያለ ሰዎች እንኳ አለቃን ለመጫን ካመነቱ ያንተ ሰራተኛ ስለ አንድ ሪፖርት ዝም ቢልህ ሰነፍ ወይ ግድ የለሽ ነው ብለህ አትደምድም፣ እያሰላ ነው። ብናገር ምን አገኛለሁ፣ ምንስ ይመጣብኛል እያለ ነው።

ስለዚህ ስሌቱን መቀየር ያለብህ አንተ ነህ። መጀመሪያ፣ የራስህን ሀሳብ መጨረሻ ላይ ተናገር። አለቃ "እኔ እንደዚህ ነው የማስበው፣ እናንተስ?" ካለ ያ ጥያቄ አይደለም፣ ሁሉም ይስማማና ይወጣል። ሁለተኛ "ሀሳብ ያለው?" የሚለውን በቃ ተወው። በሱ ፋንታ ጋሪ ክላይን የተባለው የስነ ልቦና ተመራማሪ ያስተዋወቀውን ዘዴ ሞክር፣ ስራው ሳይጀመር "ጊዜው ስድስት ወር አልፎ ይሄ ፕሮጀክት ከሽፏል እንበል፣ ያከሸፈው ምንድነው?" ትልና ሁሉም ለየብቻው ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ከዛ በየተራ ይነበባል። እዚህ ላይ ችግር መናገር ተቃውሞ መሆኑ ይቀርና ራሱ የተሰጠው ስራ ይሆናል፣ ዝምተኛው ሁሉ ይጽፋል። ሶስተኛውና ዋናው፣ የመጀመሪያው መጥፎ ዜና ሲመጣ ፊትህ ምን ይመስላል የሚለው ነው። አንድ ልጅ "ይሄ ነገር በዴድላይኑ አይደርስም" ሲልህ "ታዲያ እስከዛሬ ምን ስትሰራ ነበር?" ካልከው እሱ ብቻ አይደለም የሚዘጋው፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ነው። "ዛሬ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ፣ የያዘህ ምንድነው?" በለው፣ ተጠያቂነቱ ካስፈለገ፣ በኋላ ለብቻው ይመጣል።

ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል የሃርቫርድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሆስፒታል ቲሞችን ስታጠና ጥሩ የተባሉት ቲሞች የመድሃኒት ስህተት ያነሰባቸው ይሆናሉ ብላ ነበር የጠበቀችው፣ የተመዘገበው ቁጥር ግን የጨመረ ሆኖ አገኘችው። የደረሰችበት ምክንያት ጥሩዎቹ ቲሞች ስህተታቸውን አይደብቁም፣ ያወሩበታል የሚል ነው። እኔም ችግር የማይነገርበት ቲም ካየሁ ሰላም ነው ብዬ አላምንም።

ጥያቄ፦ ፕሮጀክታችን ዘግይቷል፣ ቦሴ አምስት ሰው ልጨምርልሽ ነው የሚለኝ። ልቀበል?

መልስ፦ ስራው ምን አይነት እንደሆነ እዪ እህቴ። ተከፋፍሎ ለየብቻ የሚሰራ ከሆነ፣ ማለትም ማሸግ፣ ፎርም ማስገባት ምናምን ከሆነ፣ ተቀበዪ። እርስ በርሱ የተያያዘና ማስረዳት የሚፈልግ ስራ ከሆነ ግን አዲሶቹን የሚያስተምሩት እነዛው አሁን የሚሰሩት ሰዎች ናቸው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ስራው ይባስ ይዘገያል። ሂሳቡን ለቦስሽ አሳዪው፦ 5 ሰው ሲሆን ሁለት ሁለት እየሆኑ የሚነጋገሩበት መስመር 10 ነው፣ 10 ሰው ሲሆን 20 አይሆንም፣ 45 ነው። ሰው እጥፍ ሲሆን ንግግሩ ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። እኔ ብሆን ከሰው ይልቅ ሁለት ነገር ነው የምጠይቀው፣ ከስራው የትኛው ክፍል ለኋላ ይቆይ፣ እና ቲሙ ላይ የተደረበውን ሌላ ስራ ማን ይያዝልኝ።

ጥያቄ፦ ስራ ለሰው ሰጥቼ መልሼ ራሴ እሰራዋለሁ፣ እነሱ እንደኔ አይሰሩትም። ማታ ሁሉም ሰው ሄዶ እኔ ቢሮ ነኝ።

መልስ፦ መጀመሪያ አሰጣጥሽን እንየው። "ይሄን ሪፖርት ስሪልኝ" ብለሽ ከላክሻት የምታመጣልሽ በሷ ጭንቅላት ያለውን ሪፖርት ነው። ማን ነው የሚያነበው፣ አንብቦ ምን ሊወስን ነው፣ ስንት ገጽ፣ መቼ፣ ምን ሳትጠይቅሽ ራሷ መወሰን ትችላለች፣ ይሄን አምስት ደቂቃ ወስደሽ ንገሪያትና "እስቲ ምን እንደምትሰሪ በራስሽ አባባል ንገሪኝ" በያት። እዛው ጋር ነው አለመግባባቱ የሚታይሽ። ከዛ ሩቡን ስትሰራ አሳዪኝ በያት፣ መጨረሻ ላይ ሳይሆን ገና ሩብ ላይ፣ ያኔ ማስተካከል ቀላል ነው። ስታመጣው ደሞ እስክሪብቶውን ራስሽ አትያዢ። ያልሆነውን ቦታ አሳዪያትና እሷው ታስተካክለው፣ መጀመሪያ አካባቢ ካንቺ አሰራር የበለጠ ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ካልተውሽላት መቼም አትለምድም። አንቺ ከምትሰሪው ትንሽ ያነሰ ሆኖ ለተፈለገው ነገር የሚበቃ ከሆነ ይሂድ።

ጥያቄ፦ ሰው ሳላስቀይም እንዴት ፊድባክ ልስጥ?

መልስ፦ ያየኸውን ተናገር እንጂ ስለ ሰውየው ጸባይ አትፍረድ። "ሃላፊነት አይሰማህም" ስትለው የሚከላከለው ራሱን ነው። "ማክሰኞና ሃሙስ ሪፖርቱ ከሰአት ነው የደረሰኝ፣ ጠዋት ስላልነበረ ለደንበኛው ቁጥር ሳልይዝ ነው የገባሁት፣ ምን ገጥሞህ ነው?" ስትለው ግን የሚያወራው ስለ ሪፖርቱ ነው። ጥያቄውን የምር ጠይቀው፣ ብዙ ጊዜ የማታውቀው ምክንያት ይኖራል፣ ቁጥሩን የሚልክለት ክፍል ራሱ እያዘገየ ሊሆን ይችላል። ለብቻ፣ በቶሎ፣ አንድ ጉዳይ ብቻ። በአመቱ ግምገማ ላይ የስምንት ወር ጥፋት ማውጣት በጣም ነው የሚያበሳጨኝ፣ እስከዛሬ አይተህ ዝም ካልክ አሁን ምን ያድርግልህ? ምስጋናውንም እንደዛው በዝርዝር ስጥ፣ "ጎበዝ" ብቻ ከተባለ ምኑን እንደሚደግመው አያውቅም።

ጥያቄ፦ ከሁሉም የሚበልጥ ሰራተኛ አለኝ፣ ግን ሰው ይሰድባል፣ አዲስ ልጆችን ያስለቅሳል። ባጣው ስራው ይቆማል ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ ፍርሃትህ እውነት ነው ግን ግማሹን ብቻ ነው ያየኸው። እሱን ፈርተው ጥያቄ የማይጠይቁት፣ ሌላ ቦታ ስራ ማፈላለግ የጀመሩት ልጆችስ ሂሳብ ውስጥ ገብተዋል? ቲሙ የሚያየው አንተ የምትታገሰውን ነው። ለብቻው ጥራና ቀኑንና ያለውን ቃል ጠቅሰህ "ይሄ የስራህ አካል ነው፣ የቴክኒክ ችሎታህ ይሄን አያካክስም" በለው፣ መቼ እንደገና እንደምታዩት ቀን ቁረጡ፣ በጽሁፍም ይኑር። ጎን ለጎን ግን ዛሬውኑ እሱ ብቻ የሚያውቀውን ስራ ሌላ ሰው አብሮት እንዲሰራና እንዲጻፍ አድርግ። ስራው በአንድ ሰው ላይ መንጠልጠሉ እሱ ጨዋ ቢሆንም አደጋ ነው፣ ቢታመምስ?

ጥያቄ፦ እኔ በእድሜ የገፋሁ ሃላፊ ነኝ። ሰራተኛ ጨምሬ 14 ደረሱ፣ ስራው ግን በሰባት ሰው ጊዜ ከነበረው ብዙም አልጨመረም። ለምን ይመስልሃል?

መልስ፦ አክብረው ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይባል የለ፣ ጉዳዩ ግን ማን የትኛውን ሎሚ እንደያዘ ሲታወቅ ነው። ማክስ ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ የግብርና መሃንዲስ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ለክቶ እ.ኤ.አ. በ1913 ያሳተመው አለ፣ 8 ሆነው ሲጎትቱ እያንዳንዱ በአማካይ የሚያወጣው ብቻውን ሲጎትት ከሚያወጣው ግማሽ ገደማ ነው። አንዱ ምክንያት አለመቀናጀት ነው። ሌላውን እ.ኤ.አ. በ1974 ሌሎች ተመራማሪዎች አሳይተውታል፣ የሰውየውን አይን ሸፍነው ከኋላው ያሉት የሚጎትቱ እያስመሰሉ ምንም ሳይጎትቱ፣ እሱ ግን ሰው አብሮኝ አለ ብሎ ስላሰበ ብቻ ጉልበቱን ቀነሰ። ስንፍና ብለው አይውሰዱት፣ የኔ ድርሻ አይታይም ከሚል የሚመጣ ነው። ስለዚህ 14ቱን ለሁለት ወይ ለሶስት ይክፈሏቸው፣ ለእያንዳንዱ ስራ አንድ ባለቤት በስም ይኑረው። "እናንተ ተነጋግራችሁ ጨርሱት" የተባለ ስራ የማንም አይደለም።

ጥያቄ፦ ሁለት ሰራተኞቼ አይነጋገሩም፣ በኔ በኩል ነው መልእክት የሚላላኩት።

መልስ፦ መላላኩን አቁሚ። ሁለቱንም ለየብቻ ስሚያቸው፣ ከዛ አንድ ላይ አስቀምጪና ማን ጥፋተኛ ነው ሳይሆን ነገ ጠዋት ስራው እንዴት ይተላለፍ የሚለውን ብቻ አስጨርሺ። ብዙ ጊዜ የጸባይ የሚመስለው ጠብ ስር ሁለቱም የኔ ነው የሚሉት ወይ ሁለቱም የሱ ነው የሚሉት ስራ ይገኛል፣ እሱን መወሰን ያንቺ ድርሻ ነው። መዋደድ አይጠበቅባቸውም።

ጥያቄ፦ ቲሜ ከየቤቱ ነው የሚሰራው፣ እየሰሩ መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ በውጤቱ። ኦንላይን መሆናቸውን የምትቆጥር ከሆነ ኦንላይን መሆንን ነው የሚያመርቱልህ። ምን ተሰራ፣ ምን ቀረ፣ ምን ያዘን የሚለውን ሁሉም የሚያየው አንድ ቦታ ይጻፍ፣ ከእያንዳንዱ ጋር ደሞ በሳምንት አንዴ ለብቻ በስልክም ቢሆን አውራ፣ ያንን ቀጠሮ አትሰርዝ።

ጥያቄ፦ ከላይ ያለው አለቃ የማይቻል ዴድላይን ይሰጠኛል፣ ከታች ያሉት ደክመዋል። መሃል ላይ ተጣብቄ ቀረሁ።

መልስ፦ ይሄ በጣም ነው የሚሰማኝ፣ ብዙ ጥሩ ማናጀሮች ስራ የሚለቁት በዚህ ነው። ለላይኛው "አንችልም" ብለህ ብቻህን አትሂድ፣ ምርጫ ይዘህ ሂድ፦ "በዚህ ቀን ከሆነ እነዚህን ሁለቱን እናደርሳለን፣ ሶስቱም ከተፈለገ ተጨማሪ ሁለት ሳምንት፣ የቱ ይቅደም?" ምርጫው የሱ ይሁን፣ የወሰናችሁትን በዛው ቀን በኢሜይል ጻፍለት። ለታቾቹ ደሞ "ከላይ ተጭነውኝ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ" አትበል፣ ያኔ ሁሉም አንተን ዘሎ ላይኛውን ማየት ይጀምራል። ምን እንደተወሰነ፣ ለምን፣ አንተ ምን ተከራክረህ ምን እንዳገኘህ በግልጽ ንገራቸው። ከስራቸው አንድ ነገር ቀንስላቸው፣ በየሳምንቱ ማንም የማያነበው ሪፖርት ካለ እሱን።

ጥያቄ፦ ደሞዝ መጨመር አልችልም፣ በምን ላበረታታ?

መልስ፦ ደሞዙ አነስተኛ ከሆነ በሰርተፊኬት ልሸፍነው አትበይ፣ ሰው ይናደዳል። ለበላይ አካል መከራከርሽን ቀጥዪ፣ መልሱንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። በእጅሽ ያለው የስራ ሰአትን ማመቻቸት፣ መማር የሚፈልጉትን ስራ መስጠት፣ የሰሩትን በስማቸው ማቅረብ ነው። ይሄ የመጨረሻው ምንም አያስወጣም፣ ግን ስንቱ አለቃ ነው የሰራተኛውን ስራ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርበው።

ጥያቄ፦ ብዙ ጊዜ አግዤው ያልተሻሻለ ሰራተኛ ላሰናብት ነው። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መልስ፦ እንቅልፍ ማጣትሽ ሰው ስለሆንሽ ነው። ለራስሽ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፣ ነገ "ተሰናብተሃል" ብለው ይደነግጣል? ከደነገጠ ገና አልነገርሽውም ማለት ነው፣ ምን መሻሻል እንዳለበትና ካልተሻሻለ ምን እንደሚመጣ በግልጽ፣ በጽሁፍ፣ ከቀን ገደብ ጋር ንገሪውና እድሉን ስጪው። ያ ሁሉ ተደርጎ ከሆነ ህጉንና ውሉን ከሰው ሃይል ክፍል ጋር አጣሪ፣ ንግግሩን አጭር አድርጊው፣ ውሳኔውን በመጀመሪያው አረፍተ ነገር ተናገሪ፣ አትዙሪበት፣ አትከራከሪ፣ የሚገባውን ክፍያና ወረቀት አዘጋጅተሽ ግቢ። ሰው ፊት እቃውን እንዲሰበስብ አታድርጊ። ለቀሪዎቹ በዛው ቀን አንቺው ራስሽ ንገሪያቸው፣ ምክንያቱን ሳትዘረዝሪ፣ የሱን ስራ ከነገ ጀምሮ ማን እንደሚይዝና ለሚይዘው ሰው ደሞ ምን እንደሚቀነስለት ጨምረሽ።