ሰሌዳውን ከመለወጥህ በፊት ግድግዳውን መርምር

ከደብረ ማርቆስ የጻፈልን ወጣት ጠያቂ ችግሩን እንዲህ ያስረዳል። አዲስ አበባ ሳለ ድንጋይ የመውጣት ስፖርት ጀምሮ ነበር፤ ለሥራ ወደ ማርቆስ ከተመለሰ ወዲህ ግን ጣቶቹን ቤቱ ሆኖ ለማጠንከር ከሬዚን (ፈስሶ ከሚደርቅ ሰው ሠራሽ ሙጫ) የተሠራ ያገለገለ ሃንግቦርድ፣ ማለትም በጣት የሚንጠለጠሉበት እርከንና ጉድጓድ ያለው ሰሌዳ፣ ገዛና ከተከራየው ክፍል በር በላይ ባለው የብሎኬት ግድግዳ ላይ በ4 ፊሸር አስገጠመው። ክብደቱ 68 ኪሎ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሰሌዳው በተንጠለጠለበት ቁጥር «ቀጭ» ማለት ጀመረ፤ ከሰሌዳው ጀርባም ግድግዳውን ታክኮ ነጭ ዱቄት ይወርዳል። ሁልጊዜ ቀድማ የምታመልጠው ግራ እጁ ስትሆን፣ የግራ እጁ የቀለበት ጣትም በመዳፉ በኩል ሥሩ ላይ ያመዋል። ገጣሚው ተመልሶ መጥቶ «አስተካክሎታል»፤ ድምፁና ዱቄቱ ግን እንደገና መጡ። «ጋሼ፣ ብዙ ጉድጓድ ያለውን አዲስ የሬዚን ሰሌዳ ልግዛ ወይስ ከእንጨት ላሠራ? የ13 ዓመት ወንድሜስ አብሮኝ ቢንጠለጠል ምን ይላሉ?» ሲል ይጠይቃል።

ወንድሜ፣ ከጻፍኸው ሁሉ ዓይኔ ያረፈው በዱቄቱ ላይ ነው። የእጅ ማድረቂያው ማግኒዥየም ነው ብለህ አልፈኸው ይሆናል። ማግኒዥየም ግን ከእጅህ ሥር ይበተናል እንጂ ከሰሌዳው ጀርባ ግድግዳውን ተከትሎ አይወርድም። ጥቂት አንሣና በሁለት ጣትህ መካከል እሸው፤ ማግኒዥየም ከሆነ ይለሰልሳል፣ ከልስኑና ከብሎኬቱ የተፈጨ ከሆነ ግን አሸዋው ይቆረቁርሃል። እንደሚቆረቁርህ አልጠራጠርም።

ስለዚህ ግምቴን ላስቀድም፦ የተበላሸው ሰሌዳው ሳይሆን በግራ በኩል ያለው የላይኛው ፊሸር ነው። ቀዳዳው ሰፍቶ የሰሌዳው ግራ ጫፍ በተንጠለጠልህ ቁጥር ከግድግዳው ይሸሻል፤ ሲሸሽም የያዝኸው እርከን ወደ ፊትና ወደ ታች ያዘነብላል። ደልዳላ የነበረው እርከን ተዳፋት ሲሆንብህ ጣትህ ይንሸራተታል፣ ላለመንሸራተትም ከሚገባው በላይ አጥብቀህ ትይዛለህ። ግራ እጅህ የምታመልጠው ከቀኙ ስለምትደክም ሳይሆን የከፋውን እርከን ስለያዘች ነው። የጣትህም ሕመም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። በዚህ ላይ አዲስ ሰሌዳ ብትገዛ ያው ቀዳዳ ያንኑ ያደርግብሃል።

ግምቴን በራስህ ማረጋገጥ ትችላለህ። በሰሌዳው ዙሪያ በተሳለ እርሳስ ግድግዳው ላይ አስምር። እግርህን ከወለሉ ሳታነሣ የክብደትህን ግማሽ ያህል ጣልበትና ሌላ ሰው ከጎን ሆኖ የሰሌዳውን የላይ ጠርዝ ይመልከት። በሰሌዳውና በልስኑ መካከል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ከታየ፣ ወይም ስትለቀው ሰሌዳው ከእርሳሱ መስመር ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ ጉዳዩ ታውቋል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ እስኪስተካከል ድረስ አትንጠልጠልበት። ፊሸር ብቻ ይዞት ብሎኬት ላይ ካለ ሰሌዳ መንጠልጠል የለብህም፤ ፊሸር ሁልጊዜ አስቀድሞ አስጠንቅቆ አይነቀልም፣ ሲነቀልም ሰሌዳው ከነቪሱ የሚመጣው ከሥሩ ባለው ፊትህ ላይ ነው።

ገጣሚው በሁለተኛው ጊዜ ምን እንዳደረገ አልጻፍህልኝም፤ ቪሱን ስትፈታ ግን ከቀዳዳው የክብሪት እንጨትና የጂፕሰም ፍርፋሪ ይወጣል ብዬ እጠብቃለሁ። ይህን ዓይነት ጥገና በየቤቱ ስለማየው ማማረሬ አይቀርም። የሰፋ ቀዳዳ በክብሪት እንጨት አይጠብም፤ ለጊዜው ቪሱን ስለሚያንቀው የተስተካከለ ይመስላል፣ ሸክም ሲመጣ ግን እንጨቱ ይደቅቃል። በዚያ ላይ ዛሬ ገበያው የሞላው ፊሸር በጥርስ ቢነከስ የሚላላ ፕላስቲክ ነው፤ ቪሶቹም ገና ሳይጠብቁ የአናታቸው መስቀል ይላጣል። መጋረጃ ለመስቀል ይበቃ ይሆናል፣ ሰው ለመስቀል ግን አይደለም።

አሁን ሁሉም የሚዘልለውን ነገር ላስረዳህ፤ ትንሽ ብረዝምብህ ታገሠኝ። ብዙ ገጣሚዎች «68 ኪሎ ለ4 ቪስ ሲካፈል 17 ኪሎ ነው፣ ይህ ምን አላት» ብለው ያሰላሉ። ስሌቱ የተሳሳተው ሸክሙ ወደ ታች ብቻ እንደሚጎትት አድርጎ ስለሚያስብ ነው። ጣትህ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ሳይሆን ከግድግዳው ወጣ ብሎ ነው፤ 6 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ሰሌዳ ላይ ሸክሙ የሚወርደው ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ነው። በዚህ ጊዜ የሰሌዳው የታችኛው ጠርዝ ግድግዳውን እየተደገፈ የላይኛውን ቪስ ወደ ውጭ ይነቅለዋል፤ መዶሻ በጀርባው ተደግፎ ምስማር እንደሚነቅል ማለት ነው። የነቃዩን ጉልበት ለማወቅ ክብደትህን ከግድግዳው ባለህ ርቀት ታበዛዋለህ፣ ከዚያም ከሰሌዳው ታችኛ ጠርዝ እስከ ላይኛው ቪስ ባለው ቁመት ታካፍለዋለህ። ያንተ ሰሌዳ የላይ ቪሶቹ ከታችኛው ጠርዝ 12 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው ከሆነ፣ 68 በ5 ተባዝቶ 340፣ ለ12 ሲካፈል 28 ኪሎ ያህል ነው። ይህ 28 ኪሎ ቪሶቹን ወደ ታች የሚጫን ሳይሆን ከግድግዳው ወደ ውጭ የሚመዝዝ ነው። የታችኞቹ ሁለት ቪሶች በዚህ ረገድ የሚያግዙት ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ሁለቱ የላይኞቹ ብቻ ይካፈሉታል። ትንሽ ስትወዛወዝ ወይም ዘልለህ ስትይዝ ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ይጨምራል፣ ብሎኬቱ ደግሞ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸሩ የሚነክሰው ቀጭኑን ቅርፊት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ችሎት በሺህኛው ጊዜ የሚለቅቀው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ሰሌዳውን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ከመግጠም፣ በመካከሉ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ጣውላ ብታስገባ ምን ይሆናል? ሸክሙ ከግድግዳው 8 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፣ ይህ ጉዳት ይመስላል። ነገር ግን የላይ ብሎኖቹ ከጣውላው ታችኛ ጠርዝ 27 ሴንቲ ሜትር ከፍ ስለሚሉ፣ 68 በ8 ተባዝቶ 544፣ ለ27 ሲካፈል 20 ኪሎ ይሆናል። ከግድግዳው ርቀህም ንቅለቱ ቀነሰልህ፤ ብሎኖቹንም ግድግዳው በሚመቸው ቦታ እንጂ የሰሌዳው ቀዳዳ ባዘዘህ ቦታ አታስቀምጣቸውም። ጣውላ የሌለው ሃንግቦርድ የእኔ እጅ አይገጥምም።

ወደ ግድግዳው ስንመለስ፣ ከበሩ በላይ የአርማታ ጉበን ይኖራል። በመዶሻ እጀታ እያንኳኳህ ሂድ፤ አርማታው የደፈነ ድምፅ ይሰጣል፣ ብሎኬቱ ባዶነቱን ይነግርሃል። ስትበሳም ፑንታው በድንገት ዘልቆ ከገባ ባዶ ቦታ አግኝቷል። የታችኛውን ረድፍ ጉበኑ ውስጥ በብረት ኤክስፓንሽን ብሎን (ሲጠብቅ ቀዳዳው ውስጥ በሚሰፋ ብሎን) እሰረው። ንቅለቱን የሚሸከመውን የላይኛውን ረድፍ ግን ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር በስተህ፣ ሙሉ ጥርስ ባለው የ10 ሚሊ ሜትር ዘንግ አሳልፈው፤ በወዲያኛው ክፍል በኩል 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ላሜራ፣ ሮንዴላና ዳዶ ይሁንበት። ዳዶውን ብሎኬቱ እስኪሰነጠቅ አታጥብቀው። የበሩ ማብሪያ ማጥፊያ ብዙ ጊዜ በዚያው በኩል ስለሆነና ሽቦው ከእሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ቆጣሪውን ሳታጠፋ ድሪል አታንሣ። የቤቱንም ባለቤት አስቀድመህ አስፈቅድ። ግድግዳው የ10 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ብቻ ከሆነ፣ ወይም ቤቱ የጭቃ ሆኖ ቋሚው የት እንዳለ የማይታወቅ ከሆነ፣ ይህን ሁሉ ተወው፤ ሌላ መንገድ ከታች እነግርሃለሁ።

አሁን ወደ ሰሌዳው ምርጫ እንምጣ። ብዙ ጉድጓድ አያጓጓህ፤ ለአንተ የሚያስፈልጉህ ሁለት እርከኖች ናቸው፦ አንዱ የጣትህን የመጀመሪያ አንጓ ያህል የሚይዝ 20 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው ለማሟሟቂያ የሚሆን 35 ሚሊ ሜትር አካባቢ። የአንድና የሁለት ጣት ጉድጓዶች ለላቁ ሰዎች ናቸው፣ ላንተ ጌጥ ይሆናሉ። ስትገዛ ሜትር ይዘህ ሂድ። በርካሽ የሚመጡ የሬዚን ሰሌዳዎች ግራና ቀኝ እርከናቸው እኩል የማይጠልቅ ያጋጥማል፤ ጀርባቸውም በቪሱ ቀዳዳ ዙሪያ ሳስቶ ስለሚፈስስ ትንሽ ስታጠብቀው ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ ትወጣለች። ስንጥቋን ካየህ አትግዛው።

ከሁሉ በላይ የእርከኑን ከንፈር በአውራ ጣትህ ዳስሰው። ስለታም ከሆነ ቆዳህን ይቆርጣል፣ ሕመሙም ጣትህ ሳይደክም ያስቆምሃል። በጣም ክብ ከሆነ ደግሞ 20 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተሸጠልህ እርከን ከንፈሩ 10 ሚሊ ሜትር ከተላገ ጣትህ የሚያርፍበት ደልዳላ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በአንዱ ሰሌዳ ጎበዝ፣ በሌላው ሰነፍ የምትሆነው በዚህ ነው። እኔ ለ20 ሚሊ ሜትሩ 5 ሚሊ ሜትር ያህል መጠጋጋት ይበቃል ባይ ነኝ።

ከሬዚንና ከእንጨት እንጨቱን ምረጥ። ሬዚን ሻካራ ስለሚሆን ቆዳ ይበላል፤ እንጨት ለቆዳ ይራራል፣ ከተበላሸም በራስፓና በብርጭቆ ወረቀት ይታረማል። እኛ ዘንድ ለዚህ የሚመች ዋንዛ ነው፤ ለመላጊያና ለመሮ ይታዘዛል፣ ከደረቀ በኋላም ብዙ አይጣመምም። ዛፍ ማስቆረጥ አያስፈልግህም፣ ከአሮጌ አልጋ ወይም ቁም ሣጥን የወጣ ጣውላ ከአዲስ እርጥብ ጣውላ ይበልጣል። ባሕር ዛፍ ስንጥሩ ጣት ይወጋል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ወይራ ጠንካራ ቢሆንም እየለሰለሰ ሲሄድ ያንሸራትታል። ችፑድና ኤምዲኤፍ እርጥበት ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ቪስም አይዙም፤ በቀለም ተሸፍነው «እንጨት» ተብለው ሲሸጡ ስላየሁ አስጠነቅቅሃለሁ። አናጺውን ስታሠራ አንድ ነገር በዓይንህ ተመልከት፦ የእንጨቱ ቃጫ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በሰሌዳው ርዝመት ይሂድ። ቃጫው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ሰሌዳው በክብደትህ ለሁለት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ከግድግዳ ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የሰሌዳው አካል በቀላሉ ይከፈላል። እርከኑን ቫርኒሽ አትቀባው። ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ እጆችህ በትከሻህ ስፋት ያርፋሉ።

መብሳት ያልቻልህ እንደሆነ ያልሁህ ሌላው መንገድ ይህ ነው። ከዚያው ዋንዛ አንድ እጅ የሚይዝ ትንሽ ግንድ፣ 20 ሚሊ ሜትር እርከን ያለው፣ አሠርተህ በገመድ ከ20 ሊትር ጀሪካን ጋር እሰረው፤ ቆመህ በጣቶችህ ከወለሉ አንሣና 10 ሰከንድ ያዘው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሸክሙን በፈለግኸው ልክ ታስተካክለዋለህ። ቢያመልጥህም የሚወድቀው ጀሪካኑ ነው፣ አንተ አይደለህም። ለተከራይ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ስለ ጣትህ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሥሩን ስትጫነው እስካመመህ ድረስ አትንጠልጠል፤ ካበጠ ወይም ሲያምህ «ጧ» የሚል ነገር ሰምተህ ከነበረ ሐኪም ይየው። ስትመለስ እግርህን ወንበር ላይ እያሳረፍህ ጀምር፣ 10 ሰከንድ ይዘህ 3 ደቂቃ እረፍ፣ በሳምንት ከሁለት ቀን አትለፍ። ወንድምህን ግን ከሰሌዳው አርቅልኝ። በ13 ዓመት የጣት አጥንት ጫፍ ገና እያደገ ያለና ያልጠነከረ ስለሆነ በዚህ ዓይነት ተደጋጋሚ ሸክም ሊሰበር ይችላል፤ ድንጋይ ላይ ይጫወት፣ ሰሌዳው ይቆየው።

ገጥመህ ስትጨርስ በቀጥታ አትንጠልጠልበት። ገመድ በሰሌዳው ላይ አዙረህ ውሃ የሞሉ 6 ጀሪካኖች አንድ በአንድ እየጨመርህ ስቀልበት፣ ለግማሽ ሰዓት ተወውና የእርሳሱን መስመር እይ፤ ከሥሩ ማንም አይቁም። ብሎኬት ላይ ፊሸር ብቻ ከያዘው ሰሌዳ መንጠልጠል እንደሌለብህ ደግሜ ልንገርህ፤ ይህን ምክር ለጓደኞችህም አድርሰው። መስመሩ ካልተነቃነቀ ሥራህን ጀምር፤ ጣውላው ሲደርቅ ስለሚሳሳ ዳዶዎቹን ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሲወጣም ሌላ ጊዜ በቁልፍ ፈትሻቸው።